እሜቴ ስትዘል

ፎቶ አንሺው የካሜራውን አፍ ሽቦ አጥሩ ላይ ሊለጥፈው ምንም አልቀረው። በተጠጋ ቁጥር ሽቦው እየሳሳ ሄዶ በመጨረሻ ጭራሽ ጠፋ፤ በእሱና በነብሯ መሃል ምንም የሌለ መሰለ። ይህን ጉድ ገና ዛሬ ማወቁ ነው። ወደ ኋላ ይልና ሽቦው ሲመለስ ያያል፤ ይጠጋና ሲጠፋ ያያል።

ሴት ልጁ ከአጥሩ ጥግ ቆማ ታየዋለች። የአራዊት ማቆያው መጋቢ እሷ ናት። ስጋውን በገመድ ጎትታ ከረጅሙ ግንድ ጫፍ ላይ ትሰቅለዋለች፤ ነብሯም ዘላ ታወርደዋለች። ዱር ያደገ አውሬ ምግቡ በሳህን ከቀረበለት ይሰንፋል፣ ይከፋዋልም። ካልለመኗት ከጥላዋ ንቅንቅ ስለማትል ሠራተኞቹ ነብሯን እሜቴ ይሏታል። አሁን እሜቴ አርጅታለች፤ ዳሌዋ ታሟል። ሐኪሙ ከነገ ጀምሮ ስጋው መሬት ላይ ይቀመጥላት ብሏል። ልጅቷም ትናንት ደውላ፣ “አባዬ፣ ነገ ለመጨረሻ ጊዜ ስለምትዘል መጥተህ አንሳልኝ” አለችው።

እሱ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ሁለት እግሩ ከመሬት የተነሳ ነገር ፎቶ አንስቶ አያውቅም። ሥራው መጋረጃና በርጩማ ነው። አገጭ ቀና፣ ትከሻ ዝቅ፣ እንዳይነቃነቁ፣ አበቃ። ሙሽራውንም፣ ሐዘንተኛውንም፣ ለመታወቂያ የመጣውንም ፊቱን አጥንቶታል፤ ሁሉም ግን ፎቶ መነሳቱን የሚያውቅ ፊት ነው። ልጁ ስልኩን ከዘጋች በኋላ አንድ ነገር እንቅልፍ ነሳው። አየር ላይ ያለ ፊት ምን ይመስላል? ይህን ሳያይ ወደ ቤቱ መመለስ አይፈልግም።

ገመዱ ተንቋቋ፣ ስጋው ወጣ። እሜቴ ከጥላዋ ተነሳች። ግንዱን ዞረችው፣ አየችው፣ ደግማ ዞረችው። ከዚያ ወገቧን ዝቅ አድርጋ አደባች። ፎቶ አንሺው ትንፋሹን ዋጠ።

“እንዳትነቃነቂ!” አለ።

ብሎም አልቀረ፣ ጣቱን ወደ ላይ ቀሰረ። የቀሰረው ካሜራውን መጫን የነበረበትን ጣት ነው። የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። እሜቴ ግን ደንበኛው አይደለችምና ዘለለች፤ ስጋው ጋ ሳትደርስ ወረደች፤ በታመመው እግሯ አረፈች። ጣቱን ወደ ካሜራው ሲመልስ እሷ እያነከሰች ወደ ጥላዋ እየሄደች ነበር።

ልጁ ሆዷን ይዛ ሳቀች። “ነብርን እንዳትነቃነቂ!” እያለች ገና ስትስቅ የእሜቴን ማንከስ አየችና ሳቋን አቋረጠች። እሱ እንኳን ሊስቅ ጆሮው ድረስ አፍሯል።

ስጋው እላይ ይወዛወዛል። ልጅቷ ገመዱን እንደያዘች፣ ትንሽ ብትቆይ ከራባት ትሞክር ይሆናል አለችው። ውሳኔውን ለእሱ መተዋ ገባው። ይፈልጋል፤ ደግሞ በጣም ይፈልጋል። ዓይኑን ወደ ካሜራው መልሶ የነብሯን ዳሌ አቀረበው። ከነጠብጣቡ ሥር ቆዳው ይርገበገባል፤ እሜቴም ዞር ብላ ትልሰዋለች።

“አውርጂላት” አለ።

“ፎቶውስ?”

“ይቅር ልጄ። እሷን አስርቤ የማነሳው ፎቶ ምን ያደርግልኛል? አውርጂላት።”

ስጋው ወርዶ መሬት ላይ ተዘረጋ። እሜቴ እየተጎማለለች መጣች፣ አሸተተችው፣ በምላሷ ነካ አደረገችው። ከዚያ ትታው አለፈች። ልጅቷ ደነገጠች፤ ስጋ የተወ አውሬ የባሰበት አውሬ ነው።

“ስጋው እኮ እታች ነው፣ እሜቴ” አለች ቀስ ብላ።

ነብሯ ከግንዱ ሥር ደርሳ ባዶውን ጫፍ ሽቅብ አየች። ምን እንዳየች ለማወቅ ፎቶ አንሺውም በካሜራው አብሯት አየ። እላይ ምንም የለም። ወገቧን ዝቅ ስታደርግ ግን አፉን ገጥሞ ጣቱን ካሜራው ላይ አሳረፈ።

ዘለለች።

ጥፍሮቿ ከግንዱ ጫፍ ላይ ሲሰኩ ሁለቱም ሰሙት። ጥቂት ተንጠልጥላ ቆየችና ግንዱን አቅፋ፣ እየተንሸራተተች፣ በዝግታ ወረደች። ከወረደችም በኋላ ወደ ስጋዋ ሄዳ መብላት ጀመረች። ልጅቷ ገመዱን ለቃ እየሮጠች መጣች፤ ተነሳ ወይ ብላ የጠየቀችው ገና ሳትደርስ ነው። እሱ ካሜራው ጀርባ ላይ ያለውን ምስል በመዳፉ ከፀሐይ ከልሎ ፊቱን እያቀረበ ነበር። ትከሻው ላይ ተደግፋ አብራው አየች።

አራቱም እግሮቿ አየር ላይ ናቸው። ዳሌዋ ቀጥ ብሎ ተዘርግቷል፣ ጆሮዎቿ ወደ ኋላ ተኝተዋል።

“አባዬ” አለች ልጁ፣ “ዓይኗን ጨፍናለች እኮ።”

ፎቶ አንሺው ዓይኑን የጨፈነ ሰው ፎቶ አጥቦ አያውቅም፤ ሁልጊዜ ይቅርታ ጠይቆ ይደግመዋል። አሁን ግን ጣቱን ሳያነሳ ያንን ፊት አብዝቶ አቀረበው፤ ስክሪኑን እስኪሞላው ድረስ አቀረበው። ረሃብም አይታይበትም፣ ሕመምም አይታይበትም። የሚሄድበትን መንገድ በልቡ የሚያውቅ ፊት ነው።