ቴምሩ የተደበቀበት ስኒ

ስንቅነሽ በማግስቱ ወደ ጦር ግንባር የሚዘምተውን ወንድሟን ለመሰናበት ደሴ መድረስ ነበረባት። በሱሩር የጭነት መኪና ላይ የቀረው ግን አንድ ቦታ ነበር፤ እሱንም አንድ ሐጂ ፈልገውታል። ሾፌሩ ሱሩር አፋር ውስጥ ባለችው አዳይቱ ከተማ፣ አንድ ሻይ ቤት ውስጥ ሦስት ስኒ ደፍቶ በአንዱ ሥር ቴምር ደበቀ። "አንዱን ስትመርጪ ከቀሩት ባዶውን ገልጬ መቀየር ትችያለሽ እልሻለሁ። ካገኘሽው ትሳፈሪያለሽ፤ ካጣሽው ሐጂ ይሄዳሉ።"

የግራውን ነካች። ቴምሩ የት እንዳለ የሚያውቀው ሱሩር ባዶውን የቀኝ ስኒ ገልጦ፣ "ትቀይሪያለሽ?" አላት።

"ቀይሪ!" አለ የሒሳብ አስተማሪው ባሏ ሣህሌ። "የግራው ዕድል አሁንም ከሦስት አንድ ነው፤ የመሃሉ ግን ከሦስት ሁለት ሆኗል።"

"ሁለት ስኒ ቀርቶ እኩል አይደሉም እንዴ?"

"አይደሉም አልኩሽ! መጀመሪያ ከሦስት ሁለት ጊዜ ትስቻለሽ፤ ያኔ እሱ ባዶውን ስለሚገልጥ ቴምሩ የሚቀረው በሌላው ሥር ነው። እመኚኝ!"

የመሃሉን ገለጠች። ባዶ ነበር።

መኪናው ሐጂን ይዞ ሲሄድ ሣህሌ፣ "ልክ ነበርኩ እኮ!" አለ።

"አውቃለሁ" አለችው እንባዋን እየጠረገች። "ያንገበገበኝም እሱ ነው። ብትሳሳት ኖሮ እሰድብህ ነበር።"