የኮሽታዋ ስንብት

ለሚመለከተው ሁሉ፦ በኢየሩሳሌም፣ ከኢትዮጵያ ጎዳና ጀርባ ባለ ምድር ቤት ስቱዲዮ ውስጥ ታገለግል የነበረች አንዲት ኮሽታ በዛሬው ዕለት ከሥራዋ ተሰናብታለች። ሽኝት አልተደረገላትም። ፕሮዲዩሰሩ ዮሃይ በአንድ ጠቅታ ከቅጂው አጠፋትና ወንበሩ ላይ ተንፈላሰሰ።

ራፐሩ አቪራን ማዳመጫውን በሁለት እጁ ጆሮው ላይ ተጭኖ ቆሞ ነበር። ከዮሃይ ጋር መሥራት ከጀመረ ወዲህ ሌላ ሰው ሆኗል። የሰፈሩን የቂርያት ሃዮቨልን መስኮቶች ያንቀጠቅጥ የነበረው ከበሮ ወጥቶ፣ ጩኸቱ ወደ ሹክሹክታ ወርዶ፣ ዘፈኑ ውስጥ ሰፊ ዝምታ ተከፍቶ ነበር። እዚያ ዝምታ ላይ አቪራን አባቱ ሳይሞቱ ከእሳቸው ጋር ሲያወራ በስልኩ የቀዳውን ድምፅ አስገቡበት። በተሰባበረ አማርኛው «አባ፣ ይቅር አልከኝ?» ሲል ይሰማል። ከዚያ በኋላ አሁን ምንም የለም።

«ኮሽታዋስ?» አለ።

«ቆሻሻ ድምፅ ናት አኺ፣ ወንድሜ፣ ጠረግኳት» አለ አማርኛ የማያውቀው ዮሃይ። «ስማው እንጂ! ሽማግሌው ሳይመልሱለት ሲቀሩ ሰው ሁሉ ያለቅሳል። እስከ ዛሬ ከሠራነው ይሄ ይበልጣል።»

እውነቱን ነበር፤ ይበልጣል።

«መልሳት።»

«ልታበላሸው ነው? ቆይ፣ ምን አላት?»

አቪራን ማዳመጫውን ከጆሮው አላወረደም። አባቱ እንደ ጎንደር ዘመዶቻቸው «አዎ»ን በቃል አይሉም ነበር፤ አጭር ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳብ ያደርጋሉ እንጂ።

«መልሳት አልኩህ» አለ። «አላብራራም።»