በሰዓቱ የሚጨመር ጠብታ

ትርሲት በረኛ ነበረች። ሩቅ ያለውን አጥርቶ የማያየውን ዓይኗን በሌዘር ያሠራችው መነጽር አድርጋ ግብ መጠበቅ ስላልቻለች ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ ከመሃል ሜዳ ሆኖ ኳስ የሚመታውን ሰው ፊት ሳይቀር እለያለሁ እያለች ስታወራ ሰነበተች። በሦስተኛው ወር ግን ሁሉ ነገር ጉም ለበሰባት። ኳሱ አፍንጫዋ ሥር እስኪደርስ አይታያትም፤ አሠልጣኟም ከቡድኑ አስወጣት።

ሐኪሙ ሁለቱንም ዓይኖቿን በመሣሪያው ሲያይ ቆየና፣ "ብሌንሽ ላይ ጠባሳ ወጥቷል" አላት። "እንዲህ እንዳይሆን ነበር ጠብታውን ያዘዝኩልሽ። አቋርጠሻል?"

"አንድም ቀን አላቋረጥኩም፤ እናቴ ናት የምትጨምርልኝ። ሰዓቱን አሳልፋ አታውቅም። ይኸው፣ እሷን ይጠይቋት።"

ሐኪሙ በሩ አጠገብ ወደተቀመጡት እናት ዞረ። ወይዘሮ አስካለ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጣምረው መሬት መሬት ያያሉ።

"የሰፈራችንን ልጅ ዓይን ያጠፋው እንዲህ ያለ ጠብታ ነው ሲሉኝ ፈራሁ፣ ዶክተር" አሉ ቀስ ብለው። "ለሷ ብነግራት እሺ አትለኝም። መድኃኒቱን ደፋሁትና ብልቃጡን አፍልቼ ባቀዘቀዝኩት ውሃ ሞላሁት።"

ሐኪሙ ለመጻፍ ያነሳውን እስክሪብቶ መልሶ አስቀመጠ።

ትርሲት ድምፁ ወደመጣበት ዞረች። እናቷ እያለቀሱ መሆን አለመሆናቸውን ለማወቅ ትኩር ብላ ብታይም፣ ከነጠላቸው ንጣት በቀር ምንም አልታያትም።