የመጥበሻው ወዝ

ትርሲት ከሥራ ስትመለስ አማቷ እማማ ወርቅያንሱ ማድ ቤት ቆመው የብረት መጥበሻዋን በሳሙናና በሽቦ ሲፈትጉ አገኘቻቸው። ምግብ እንዳይዝባት ዘይት እየቀባች፣ በእሳት እያሞቀች ወራት የደከመችበት ጥቁር ወዝ ታጥቦ ሄዷል።

“ይሄን ሁሉ ጥቀርሻ ይዘሽ ነው የምትጠብሺበት ልጄ?” አሏት።

ክፉ ቃል እንዳያመልጣት በረንዳ ወጣች። ተቀመጠች፣ ተነሳች፣ ተመልሳ ገባች፤ አላስችል አላት። እንደገና ልትወጣ ስትል በተከፈተው የመኝታ ቤት በር የአማቷን አልጋ አየችው። ተነጥፏል። ልጃቸው፣ የእሷ ባል፣ ከተቀበረ ወዲህ እማማ ወርቅያንሱ ከዚያ አልጋ ወርደው አያውቁም ነበር።

ትርሲት ማድ ቤት ገብታ እንደ መጥበሻው ወዝ ያስያዘችውን የብረት ድስቷን ከመደርደሪያው አወረደች።

“ይሄም ቆሽሿል እማማ፤ ያግዙኝ።”