ለሃምሳ አምስት ኪሎ የሚበቃ ፎም

አጸደ ልብስ ልታጥብ የባሏን ሱሪ ኪስ ስትፈትሽ አንዲት የታጠፈች ወረቀት አገኘች። በይገረም የተንጋደደ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «እኔ 71። እሷ 55። ሞተር 40። ዕቃ 20።»

ሦስት ጊዜ አነበበቻት። ከዚያ ሱሪውን ሳታጥብ ገመድ ላይ ሰቀለችው።

ይገረም አሶሳ ውስጥ ፊዚክስ ያስተምራል። ከአራት ወር በፊት አንድ ድርጅት ጥሎት የሄደውን የተሰነጣጠቀ የፋይበር ጀልባ በጨረታ ገዝቶ ግቢያቸው ውስጥ ደፍቶታል። ከዚያ እስከ ግድቡ ሐይቅ ዳርቻ በመኪና ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ የግቢያቸው ቧንቧ እንኳ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነው ውኃ የሚሰጠው። ሰውየው ግን የሚያወራው ስለ መስመጥ ብቻ ሆነ።

«ጀልባ ውኃ ቢሞላም መስመጥ የለበትም» አላት አንድ ቀን ራት ላይ። «ወለሉ ሥር ፎም ይጠቀጠቃል። ጥያቄው የቱ ፎም፣ ስንትስ የሚለው ነው።»

የቱ ለሚለው ሁለት ወር ፈጀበት። የፍራሽ ስፖንጅ ባልዲ ውስጥ ዘፈዘፈ፤ በማግስቱ ስፖንጁ ውኃውን ጠጥቶ እንደ ድንጋይ ከብዶ ተገኘ። ቴሌቪዥን ሻጩ ሙንታሲር ከካርቶን ውስጥ የሚወጣውን ነጭ ፎም በነፃ ሰጠው። ይገረም ቤንዚን ጠብ ቢያደርግበት እንደ ስኳር ሟሟ።

«ወላሂ፣ ይሄ ሰውዬ ሚስት ሲያገባም እንዲህ መርምሯል?» አለ ሙንታሲር።

በመጨረሻ የሥጋ ማቀዝቀዣ ክፍል ግድግዳ የሚሞላበትን ጠጣር ቢጫ ፎም ከአዲስ አበባ አስመጣ። ውኃ አይጠጣም፣ ቤንዚንም አይበግረውም።

ስንት ለሚለው መልሱ ቀላል ነበር። «የባለሃያ ሊትር ጀሪካን ያህል ፎም ሃያ ኪሎ ገደማ ይሸከማል። ለእያንዳንዱ ድርሻውን መስጠት ነው» አላት።

አጸደ ወረቀቷ ላይ ስሟን ፈለገች። የለችበትም። «እሷ» ግን አለች።

ሃምሳ አምስት ኪሎ የምትመዝነው ማን ናት? አጸደ ራሷ ሃምሳ አምስትን ካለፈች ዓመታት ሆኗታል።

አጸደ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናትና ፍለጋ ታውቅበታለች። ጤና ጣቢያ ከምትሠራው ጓደኛዋ ከማሚቱ የሰው ሚዛን ተዋሰች። ቅዳሜ ጠዋት በሯ ላይ አስቀምጣ የሰፈሩን ሴት አንድ በአንድ ታቆም ጀመር።

«በነፃ ነው፤ ለጤና ነው» ትላለች።

አንዷ ነጠላዋን አውልቃ ወጣች። ሌላዋ ጫማዋን፣ አልበቃ ሲላት የጆሮ ጉትቻዋን ፈታች። የቤት አከራይዋ ሚዛኑ ላይ እንደቆሙ ሆዳቸውን ወደ ውስጥ ስበው፣ «በይ አሁን እዪው» አሉ። ስልሳ ሁለት። ሰባ። አርባ ዘጠኝ። ሰማንያ ሦስት። አጸደ ሁሉንም ከነቀኑ መዘገበች።

«አንቺስ?» አለቻት ማሚቱ።

«የኔ ይታወቃል» አለች አጸደ፣ ሚዛኑን በእግሯ ገፋ አድርጋ።

እኩለ ቀን ሲቃረብ ብሩክታይት መጣች። ከይገረም ጋር የምታስተምር የኬሚስትሪ መምህርት፣ ጎረቤታቸውም ናት፤ የፎሙን ማጣበቂያ የመረጠችለትም እሷው ናት። ሚዛኑ ላይ ወጣች። መርፌው ተወዛውዞ ቆመ። ሃምሳ አምስት።

«ከነጫማሽ?»

«ከነጫማዬ» አለች ብሩክታይት፣ ደስ ብሏት።

ከዚያን ቀን ወዲህ አጸደ ሰላምታ ነፈገቻት። ማስረጃው ግን መደራረቡን አላቆመም። ይገረም ስልክ ላይ፣ «የኋላውን መቀመጫ ስፖንጅ አልብሼዋለሁ፤ እሷ መቆርቆር አትወድም። አይ፣ አልነገርኳትም፣ ድንገት ይሁንባት» ሲል ሰማችው። ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ አጸደን ከሥራ ፈቃድ እንድትጠይቅ ለመናት።

«ሐይቁ ዳር እንሞክረዋለን። አንቺ ሳትኖሪ አይሆንም።»

በፊቷ! ድፍረቱ ደም ሥሯን ገተረው። «ምንድን ነው የምትሞክሩት?» አለችው፣ ድምጿን አለስልሳ።

«ሁለት ሰው ይቀመጣል። ከጀልባው ሥር ያለውን ውታፍ እነቅላለሁ፣ ጀልባው ውኃ ይሞላል። ካልሰመጠ ሒሳቤ ልክ ነው። አትስጊ፣ ውኃው እዚያ ጋ ከደረት አያልፍም።»

ከደረት አያልፍም። እንግዲያው ብሩክታይት ትዋረዳለች እንጂ አትሞትም።

ከጉዞው በፊት ባለው ቀን፣ ይገረም ትምህርት ቤት ፈተና ሲያርም፣ አጸደ ቢላዋ ይዛ ጀልባው ውስጥ ገባች። የእሱን ድርሻ አልነካችም፤ ባሏ ነው፣ ይንሳፈፍ። የሞተሩንም ተወችው። ከኋላው መቀመጫ ሥር ግን ሦስት ጀሪካን ለመሆን ትንሽ የጎደለው ፎም፣ በሜትር ለክታ ቆርጣ አወጣች። በቦታው ገለባ ጠቀጠቀች። የመቀመጫውን ብሎን መልሳ ስታጠብቅ እጇ የዚያን ቀን ያህል ቀልጥፎ አያውቅም።

በማግስቱ ጀልባውን አይሱዙ ላይ ጫኑት። ሙንታሲር ፎም እንዴት ሰው እንደሚያድን ለማየት፣ ብሩክታይት ደግሞ ማጣበቂያዋ መያዙን ለማየት አብረው ሄዱ። ብሩክታይት መንገዱን ሙሉ ብስኩት ስታቀርብላት አጸደ ጥርሷን ነክሳ በመስኮት ትመለከት ነበር።

ጀልባው ውኃው ላይ ወረደ። ይገረም ፊት ለፊት ተቀምጦ የኋላውን መቀመጫ በመዳፉ አቧራውን አራገፈለት። ብሩክታይት ግን ከዳርቻው ንቅንቅ አላለችም፤ ስልኳን አውጥታ ለመቅረጽ ተመቻቸች።

አጸደ ትዕግሥቷ አለቀ። ከሚዛኑ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለብሩክታይት ፈገግ አለችላት። «ግቢ እንጂ፣ ምን ያግደረድርሻል?»

«እኔ? እኔ ምን ቤት ነኝ?» አለች ብሩክታይት።

ይገረም በአንድ እጁ ውታፉን እንደጨበጠ ሌላውን ወደ ሚስቱ ዘረጋ።

«ነይ እንጂ አጸድዬ፤ ሒሳቡን የሠራሁት እኮ ስንጋባ በነገርሽኝ ኪሎ ነው።»