በሮድ አይላንድ የተጠበሰ ሽንኩርት

አሮጊቷ አሜሪካ፣ ሮድ አይላንድ ያለው የልጇ ቤት ከገባች ጀምሮ ሰው ብሎ የቆጠራት አልነበረም። አማቿ ይትባረክ፣ ፊደል አልቆጠረችም ብሎ፣ ወሬውን ሁሉ በእሷ አናት ላይ አሳልፎ ለሚስቱ ነበር የሚያወራው።

«ከአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ ትንሿ ይህች ናት» አለ እራት ላይ። «የግዛት መለያ ወፌ ብላ የመረጠችው ደግሞ ዶሮ ነው።»

«ዶሮ ወፍ ከሆነ እኔም ጳጳስ ነኛ» አለች አሮጊቷ። የሳቀላት የለም።

ጊዜው ፍልሰታ ነው። እሷ በፍልሰታ እንኳን ሥጋ ዓሣም አትቀምስም፤ እሑድ ደግሞ ልትቆርብ ነው። ልጇ አስካለ «የተጠበሰ ሽንኩርት ነው፣ እማዬ» ብላ ያቀረበችላትን ክብ ክብ ነገር ግን ጥሟት ሁለተኛ አስጨምራለች።

«የግዛቷ መለያ ተብሎ በሕግ የጸደቀ ምግብም አላቸው» አለ ይትባረክ። «ስኩዊድ ይሉታል። አጥንት የሌለው፣ ባለ ብዙ እግር የባሕር አውሬ ነው። ቀለበት ቀለበት አድርገው ይጠብሱታል። ይኸው፣ እማማም ወደውታል።»

አስካለ በጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጠችው።

አሮጊቷ ሰሃኗን በጣቷ አገላበጠች። ከሥር አንዱ እግሮቹን እንደ ዘረጋ ተጠብሷል።

«አውቀሽ ነው?»

«ምንም አልበላ ብለሽ ከሳሽብኝ፣ እማዬ። ምን ላድርግ?»

አሮጊቷ አፏን በነጠላዋ ጠረገች፤ ምላሷን ሳይቀር።

«ነገ ንስሐ አባትሽ ዘንድ ትወስጂኛለሽ። እኔ ደጅ እቆማለሁ። አንቺ ገብተሽ፣ እናቴን ያበላኋት ይህን ነው ብለሽ፣ እግሩን አንድ በአንድ እየቆጠርሽ ትነግሪያቸዋለሽ።»