ስድስት ከአሥር

«ጠፋ! መቶ አርባ ሁለቱም ጠፋ!» ይላል ሐጂ ባድሩ፣ ስልኩን ውሃ እንደገባበት ሰዓት እያራገፈ። የሰፈሩ ሰው በሙሉ በረንዳዬ ላይ ነው። ጎረቤቴ ማማ ሮስናኒ የተጠበሰ ሙዝ የሞላ ሳህኗን እንደያዘች ክው ብላ ቆማለች።

እኔ ጥግ ይዤ ተቀምጫለሁ። ለዚህም ምክንያት አለኝ።

ልጄ ተንሪ ፊልም ሠርታለች፤ የመጀመሪያዋ ነው፤ ሦስት ዓመት ለፍታበታለች። በወደብ ከተማችን በፓሬፓሬ ያለችው አንዲት ሲኒማ ቤት ትናንት ፊልሙን ማሳየት ጀመረች። ባለቤቱ ግን፣ «ተመልካች ኢንተርኔት ላይ የሚሰጠውን ነጥብ በማግስቱ ከሰዓት አይቼ፣ ካልጣመኝ ከቅዳሜ ጀምሮ በሌላ ፊልም እቀይረዋለሁ» ብሏታል። ተንሪ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም።

ይህን ወሬ የሰፈራችን አለቃ ሐጂ ባድሩ ገና ባለፈው ሳምንት ሰምቶ ነበር። እኛ ደግሞ ጎረቤት ሰፈር ሲቀይር ቤቱን ከነምሰሶው ተሸክመን የምናዛውር ሰዎች ነን። ደቦ ተጠራ! እዚሁ በረንዳ ላይ ሐጂ ስም እየጠራ፣ ስልክ ያለው በስልኩ፣ የሌለው በዘመዱ ስልክ፣ መቶ አርባ ሁለት ሰው አሥር ከአሥር ሰጠ። ዓይናቸው ማየት ያቆመ አሮጊት እንኳ አልቀሩም። ፊልሙ ገና አለመታየቱን ማንም ነገሬ አላለውም።

«"ፊልሙ ከመታየቱ በፊት የተሰጡ ነጥቦች ተሰርዘዋል" ይላል» ትላለች ተንሪ፣ ከስልኳ እያነበበች።

«ምን ማለት ነው? ቤት የሚሸከም ሰው መጀመሪያ ጓዳውን ገብቶ ያያል እንዴ?» ይላል ሐጂ።

«አንድ ነጥብ ብቻ ቀርቷል። ስድስት።»

«ስድስት?» ትጮኻለች ማማ ሮስናኒ። «ምን ዓይነቱ ምቀኛ ነው! እጁ ይሰበር!»

እጄን ከጭኔ ሥር ሸጎጥ አደርጋለሁ።

አርባ ዓመት የዓሣ ጀልባ ሞተር ጠግኛለሁ። የታመመውን ሞተር ደህና ነው ብዬ ሰው ባሕር ላይ ልኬ አላውቅም። ትናንት የመጀመሪያውን ትርኢት ብቻዬን ገብቼ አየሁ፤ ያየሁትን ጻፍሁ። ለገዛ ልጅ ስድስት መስጠት ያንገበግባል፤ አሥር ብሰጣት ግን ዓይኗን ማየት ያቅተኝ ነበር። አሁን ደግሞ ቅዳሜዋን የቀማኋት እኔ ነኝ። ምን አለ ባልጻፍሁ ኖሮ!

«የጻፈው ነገር አለ» ትላለች ተንሪ፤ ታነባለች። «"መሐሉ ላይ ትንሽ እንቅልፍ ወሰደኝ። ጀልባዋ ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ናት፤ የሚሰማው ድምፅ ግን የባለ ሁለት ነው። የባሕር ሰው ይስቃል። አባትየው ገመዱን ፈቶ ልጅቷን ሲሸኛት ግን አለቀስሁ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬም መሐረቤን ተዋሰኝ።"»

ቀና ትላለች። ቀስ ብላ ወደ እኔ ትዞራለች። በረንዳው በሙሉ አብሯት ይዞራል።

«ባፓ!»

«አቤት ልጄ።»

«አንተ ሰውዬ!» ይላል ሐጂ። «የገዛ ልጅህን? የቤት ቀጋ!»

ወለሉ ቢከፈትልኝ በገባሁበት። በዚህ መሐል የተንሪ ስልክ ይጮኻል፤ ባለ ሲኒማ ቤቱ ነው። ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ትከፍተዋለች።

«ያን ሁሉ አሥር ዱሮም አላመንሁትም» ይላል ሰውዬው። «የአክስቴ ልጅ በውድድር ሲዘፍን እኛም እንዲሁ አድርገንለታል። ይኼ ስለ ሞተር የሚነጫነጨው ሰው ግን ፊልሙን አይቷል። ተኝቶ እንኳ፣ ነቅቶ አልቅሷል። እንዲህ ያለ ሰው ከመጣ ሌላም ይመጣል። ቅዳሜ ትቀጥያለሽ። በነገራችን ላይ ድምፁን አስተካክይው፤ እዚህ አገር ሁሉም የባሕር ሰው ነው።»

በረንዳው በጩኸት ይናጋል። ሐጂ፣ «እኔ ዱሮም ብያለሁ!» እያለ የሁሉንም እጅ ይጨብጣል፤ ምን እንዳለ የሚጠይቀው የለም። ማማ ሮስናኒ ትልቁን ሙዝ መርጣ ታቀብለኛለች።

«እንካ ብላ» ትለኛለች። «እጅህ አይሰበር።»

ተንሪ መጥታ ፊቴ ቁጢጥ ትላለች። ዓይኗ እንባ ያዘለ ነው፤ ግን ትስቃለች፤ ትናንት ጨለማ ውስጥ ብቻዬን ሳለሁ ማየት የፈለግሁት ይህንኑ ሳቅ ነበር።

«ድምፁን ከጃካርታ ነው የገዛሁት፤ ተሸወድሁ» ትላለች። «የባለ አንዱ እንዴት ነው?»

«ሲነሣ ነው ሲሄድ?»

«ሁለቱንም።»

የስልኳን መቅጃ ከፍታ አፌ አጠገብ ታስጠጋለች። ሐጂ ባድሩ በመንገዱ ለሚያልፈው ሞተር ብስክሌት እጁን አንሥቶ «ዝም በል!» ይለዋል። የጎረስሁትን ሙዝ እውጥና ዓይኔን ጨፍኜ እጀምራለሁ፦ ዱግ… ዱግ… ዱግ፣ ዱግ፣ ዱግ።